እጮኛዬ በቀለሙ ውስጥ ያየው

እጮኛዬን ወደ ተከራያችን ክፍል ያስገባሁት እኔው ነኝ። እሱ እንቢ ብሎ ነበር፤ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ መልሼ ለምኜ ነው ያስገባሁት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቤታችን ቦሌ ሚካኤል ነው። አውሮፕላን በተነሳና ባረፈ ቁጥር የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ እኛም ወሬያችንን አቁመን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ከግቢው ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ማከራየት ጀመረች። በዚያ ዓመት የገባችው ተከራይ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የምታጠና፣ ቤተሰቦቿ መቀሌ ያሉ፣ ቀጠን ብላ ድምጿ ዝቅ ያለ ልጅ ነበረች። ሁላችንም ወደድናት። እናቴ ሾርባ ስትሠራ ለሷ ሳታስቀምጥ አታልፍም፤ እኔም ጉርድ ሾላ በጸሐፊነት ከምሠራበት ቢሮ ስመለስ በሯን አንኳኩቼ ትንሽ ሳልጫወት ቤት አልገባም ነበር።

ለመመረቂያ የምታጠናው ነገር ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ቀለም ጠብ ታደርግና ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጥፋ ትጫነዋለች። ስትዘረጋው ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ ምንም ያልሆነ፣ ግን ብዙ ነገር የሚመስል ቅርጽ ይወጣል። ያንን ለሰው ታሳይና «ምን ይታይሃል? ስታየው ምን ይሰማሃል?» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ ስለ ፍቅር ትጠይቃለች፤ የምትወደው ሰው ሲርቅህ እንዴት ትሆናለህ፣ ሲቀርብህስ?

«ቀለሙንና ፍቅሩን ምን ያገናኛቸዋል?» አልኳት አንድ ቀን።

«እሱን ነው የማጠናው» አለችኝ። «አንዳንዱ ሰው ሲወድ ይረጋጋል። አንዳንዱ ጥሎኝ ይሄዳል እያለ ሲጨነቅ ይኖራል። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል። ይሄ ጠባይ ልጅ ሆነን ካሳደጉን ሰዎች ነው የሚጀምረው ይባላል። ሰውን ስለ ራሱ ስትጠይቂው ደህና ነኝ ይልሻል። ቀለም ስታሳዪው ግን ሳያስበው የሚያመልጠው ነገር ይኖር ይሆናል።»

መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቢራቢሮ አየሁ፤ የተጨፈለቀ ቲማቲም አየሁ፤ አንዱ ላይ ደግሞ ሁለት ሴቶች አንድ ሻሽ ወዲህና ወዲያ ሲጓተቱ ታየኝ። «የትኛዋ የምታሸንፍ ይመስልሻል?» አለች። «ቀኝ ያለችው፤ እግሯን ተክላለች» አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን። ስወጣ፣ እጮኛ ያላቸው ሴቶች እንደማይቸግሯት፣ ወንዶቹ ግን ቀለሙን ገና ሲያዩት እየተነሱ እንደሚሄዱባት ነገረችኝ።

«የኔን አመጣልሻለሁ» አልኳት።

የኔ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ከአክስቱ ባል ጋር ይሠራ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ኒካሑ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ዝምተኛ ነው። ገና ልጅ ሳለ እናቱ በአሰብ በኩል ተሻግራ ጅዳ እንደገባች፣ ያሳደገችው አክስቱ እንደሆነች አውቃለሁ፤ የነገረችኝ ግን አክስቱ ናት። እሱን ስጠይቀው «ድሮ ነው እኮ» ይልና ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ዝምታውን እንደ ኩራት ቆጥሬ ወድጄለት ነበር። የሴት ፊት የሚያይ ሰው ስላልነበረ በማን እንደምቀና እንኳ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ተከራያችን ሰው እንዳያወራ ብላ በሯን ገርበብ አደረገችው። እኔ በረንዳ ላይ ከእናቴ ጋር ምስር እለቅማለሁ። የሷ ድምፅ ይሰማል፣ የሱ አጭር መልስ ይሰማል፣ ደግሞ የሷ።  ከዚያ አንድ የማላውቀው ድምፅ መጣ።

እናቴ ቀና አለች። «ጉንፋን ይዞታል እንዴ? ሳል ነው?»

ሳል አልነበረም። ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄዶ ፊቱን ታጠበ። ሻዩ ተቀድቶለት ነበር፤ «ሱቁን ልየው» ብሎ ሳይቀምሰው ሄደ። ዐይኖቹ በርበሬ መስለዋል።

እኔ ፊት አልቅሶ አያውቅም። የልጅነት ጓደኛው በመኪና አደጋ የሞተ ጊዜ እንኳ ለቅሶ ቤቱ ጥግ ይዞ ደረቅ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር የዋለው። አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ስይዘው ቀስ ብሎ አስለቅቆኛል። አሁን ግን ገና ስሟን በቅጡ ለማያውቃት ሴት፣ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ቁራጭ ወረቀት! እጅ ለእጅ ተያይዘው ባገኛቸው ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ እጮኻለሁ፣ እናቴም ትጮኻለች፣ ያልቅለታል። ለእንባ ግን ምን ተብሎ ይጮኻል? ምስሩን ከነጠጠሩ ድስት ውስጥ ገልብጬ ተነሳሁ።

በነጋታው ተከራያችን ልብስ ስታጥብ ቧንቧው ጋ አገኘኋት።

«ትናንት ምን አለሽ?»

«እሱን አልነግርሽም» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ይልቅ ያፈረች ትመስል ነበር። «ሥራዬ ነው። ማንም ያለኝን ለማንም አልናገርም። ያንቺንም ለሱ አልነገርኩትም።»

«ጠየቀሽ?»

ልብሱን ጨመቀች።

«ጠየቀሽ ወይ ነው የምልሽ?»

«አልጠየቀኝም።»

ይሄ ከሁሉም ባሰ። እኔ እሱ ያየውን ለማወቅ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬያለሁ፤ እሱ እኔ ያየሁትን ለማወቅ አፉን እንኳ አልከፈተም።

በሳምንቱ ቦሌ መንገድ ላይ ሁልጊዜ የምንገባበት ጭማቂ ቤት ተቀመጥን። ስፕሪስ መጣልን። እሱ አቮካዶውን ከማንጎው ሳያቀላቅል በማንኪያ ከላይ ከላይ እያነሳ ይበላል፤ እንደዚያ ነው ልማዱ።

«እንዴት ነበር ቀለሙ?» አልኩት ነገሩን ቀለል አድርጌ።

«ጥሩ ነው።»

«ምን አየህ?»

«ቀለም።»

«ቀለም ብቻ?»

«ቀለም ነዋ፤ ሌላ ምን ይታያል?» አለና ሰዓቱን አየ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ሳስታውሰው እኔ ራሴ ይገርመኛል። የተከራያችንን በር ማንኳኳት ተውኩ። እናቴ ሾርባ ቀድታ «ውሰጂላት» ስትለኝ «የለችም፤ ወጥታለች» እላለሁ፤ መብራቷ በመስኮቱ እየታየ። ጸጉሯን አዲስ ተሠርታ ስትመጣ ለማን ነው እላለሁ። እሱ እኛ ጋ ሲመጣ ግቢ ገብቶ ወደየትኛው በር መጀመሪያ እንደሚያይ እከታተላለሁ። አረማመዱን፣ ሲያስብ ጆሮውን የሚያሸትበትን፣ ሲከፋው ቀኝ ትከሻው ዝቅ የሚልበትን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። በፍቅራችን ደህና ዘመን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ቢሮ ደብዳቤ ስተይብ መስመር እየዘለልኩ አለቃዬ ሁለቴ መለሱብኝ፤ «ልጄ፣ ልብሽ የት ነው?» አሉኝ። ልቤ ሰርቪስ ክፍሏ በር ላይ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሸኝቼው ወደ ቤት ገባሁና ጃንጥላውን ረስቶ እንደሄደ አየሁ። ይዤ ስወጣ የግቢው በር ላይ ከተከራያችን ጋር ቆሞ አገኘሁት። እሷ ከትምህርት እየመጣች ነው፤ እሱ እየወጣ። ከአጥሩ ወዲህ ስለሆንኩ አላዩኝም።

«መቼ ነው የምትገባው?» አለችው።

«ሐሙስ ከሰዓት።»

«አይዞህ። አብሬህ እሄዳለሁ ብያለሁ አይደል፤ እሄዳለሁ። ግን ለሷ ብትነግራት ይሻላል።»

«አልችልም» አለ።

ጃንጥላውን እንደያዝኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ። የምትገባው ማን ናት? እሷስ ምን ቤት ናትና አብራው የምትሄደው? ለኔ ሊነግረኝ የማይችለው ምንድነው? አንዷን ሴት ስጠረጥር ሁለት ሆኑብኝ። ያን ምሽት እናቴ ራስ ምታት ነው ብላ ጤና አዳም አስሸተተችኝ።

ሐሙስ ከቢሮ በግማሽ ቀን ፈቃድ ወጣሁ። የሚገባ ሰው፣ ያውም ሰዓቱ የታወቀ፣ ከአውሮፕላን ሌላ ከየት ይመጣል ብዬ በሚኒባስ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ ሄድኩ። የእናቴን ሰፊ ሻሽ እስከ ግንባሬ ተከናንቤ እንግዳ ከሚጠብቀው ሕዝብ ኋላ ቆምኩ። ብዙም ሳልቆይ አየኋቸው። እሱ ለሽምግልናችን ቀን የለበሰውን ኮት ለብሷል። እሷ አጠገቡ ናት። አያወሩም፤ ግን እንደሚተዋወቁ ሰዎች ነው ዝም ያሉት። እኔ ከሱ ጋር ዝም ስንል ሁልጊዜ አንዳችን የምንጨነቅ ይመስለኝ ነበር፤ የነሱ ዝምታ የተመቻቸው ይመስላል። ሄጄ ኮቱን ልጎትተው አሰብኩ። ሻሹን ይበልጥ ወደ ግንባሬ ሳብኩት።

የጅዳው አውሮፕላን ሰዎች መውጣት ጀመሩ። ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ በገመድ የተጠፈረ ካርቶን፤ እልልታው፣ ልቅሶው ደራ። ከመሐላቸው ጥቁር አባያ የለበሱ፣ ፊታቸው የደከመ አንዲት ሴት ጋሪ እየገፉ ወጡ። የቆመውን ሕዝብ ፊት ለፊት እያዩ በዝግታ መጡ። ዐይናቸው እሱ ላይ አረፈና አለፈ። እሱ አወቃቸው፤ ከኋላው ሆኜ እንኳ ማወቁ ይታየኛል፣ ምክንያቱም እንደ ድንጋይ ደረቀ። ተከራያችን በመዳፏ ጀርባውን ቀስ አድርጋ ገፋችው። አልተነቃነቀም። ሴትዮዋ አልፈውት ሄደው አንድ ረጅም ወጣት ፊት ቆሙና «አንተ ነህ?» አሉት። ወጣቱ ግራ ገብቶት «አይ እናቴ፣ እኔ አይደለሁም» አላቸው። እሳቸውም ይቅርታ እንደ መጠየቅ ብለው ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ጋሪውን እንደገና ገፉ።

ሲራመዱ ቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ይላል። በቅናት ስከታተለው የከረምኩትን ሰው ትከሻ ሌላ ሰው ላይ አየሁት። ያን ጊዜ ገባኝ። ማንም ሳይነግረኝ፣ እዚያው ቆሜ ገባኝ። ሻሹ ከራሴ ወርዶ አንገቴ ላይ ቀረ፤ ሕዝቡን ገፍቼ ሮጥኩና እጃቸውን ያዝኩ።

«እናቴ፣ ልጅዎ እዚያ ጋ ነው። አልፈውት መጡ።»

«የቱ?»

«ያ፣ ባለ ኮቱ።»

አዩት። «ያ አላህ» አሉ። «ያ እኮ ትልቅ ሰው ነው።»

እጃቸውን እንደያዝኩ ወሰድኳቸው። እሱ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ነኩትና «ከሳህ» አሉት። በልጅነቱ ጥለውት የሄዱት ልጅ፣ ጢም አውጥቶ፣ ከሳቸው በሁለት ጭንቅላት በልጦ ቆሞ፣ «ከሳህ» ይሉታል።

«አልከሳሁም» አለ እሱ።  ጋሪውን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ ታክሲዎቹ መግፋት ጀመረ። ተከራያችን እዚያው ቆማ እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። እንባዋ እንኳ አስቀናኝ።

ወሎ ሰፈር አክስቱ ቤት ድግስ ተሰናድቶ ነበር፤ ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል። ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ተላቀሱ። ግን ምግብ ሲቀርብ አክስቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ እሱን አጎረሰችውና «ልጄ ምንቸት አብሽ ነው የሚወደው፤ ከትንሽነቱ ጀምሮ» አለች፤ «ልጄ» የምትለዋን ረገጥ አድርጋ። እናቱ ለማጉረስ ያነሱትን እጅ ቀስ ብለው መለሱት። እኔም አየሁ፤ አውቄዋለሁ ያንን እጅ፤ የኔም እንደዚያ ተመልሷል።

እሱ ወደ ግቢው ሲወጣ ተከተልኩት። ገና ጀምበር አልጠለቀችም። የአሮጌ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ለሷ ነገርክ፤ ለኔ አልነገርክም» አልኩት። እናቱ በመጡበት ቀን ይሄን ማለት እንደማይገባ አውቃለሁ። አላስችል አለኝ።

 ከዚያ በሕይወቴ ከሱ የሰማሁትን ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

«አንደኛው ወረቀት ላይ ጀርባዋን የሰጠች ሴት አየሁ። እግር የላትም፤ ቀሚሷ ብቻ ነው የሚሄደው። እማ ስትሄድ እንደዚያ ነበረች፤ አክስቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ሳያት እግሯን ሰው ጋርዶታል። ሴት ነች አልኩ፤ ከዚያ ምን ይሰማሃል ስትለኝ እንባዬ መጣ። ደብዳቤዋ ከመጣ ሳምንቱ ነበር፤ እመጣለሁ የሚለው። እና ነገርኳት። ለሷ መንገር ቀላል ነው። ተመርቃ ትሄዳለች፣ ሁለተኛ አላያትም። አንቺ ግን በየቀኑ ታዪኛለሽ። ያንን ካወቅሽ በኋላ በየቀኑ ያንን ልጅ ነው የምታዪው።»

 እጁን ልይዘው ፈለግሁ፤ ያስለቅቀኛል ብዬ ፈራሁ። ከአፌ የወጣው ግን ይሄ ነው፦ «ታምራለች?»

«ማን?»

«ተከራያችን።»

አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ ዐይኑ እያነባ ሳቀ። አክስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» እስክትል ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልሱን እጠብቅ ነበር።

በማግስቱ ሾርባ ይዤ የተከራያችንን በር አንኳኳሁ። «እንዲነግርሽ ለምኜው ነበር» አለችኝ። «ብቻውን መሄድ ፈራ። ለሥራዬም ቢሆን ደንቡን ጥሻለሁ፤ የሱን መልስ ከጥናቱ አወጣሁት።»  ከሦስቱ የትኛው ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ልጠይቃት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ያንንማ ያለ ቀለምም አውቄዋለሁ። ታርቀናል ማለት እችላለሁ። ክረምቱ ሲገባ ተመርቃ ዕቃዋን ጭና ወደ መቀሌ ስትሄድ እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ፍራሿን በደስታ ነው ያሸከምኳት።

ኒካሑ በተቆረጠለት ጊዜ ሆነ። እናቱ በተከራየነው ቤት ከኛ ጋር መኖር ጀመሩ። የሱን ሸሚዝ እኔ ስተኩስ እሳቸው ኮሌታው ላይ ቀረ ብለው ደግመው ይተኩሱታል፤ እሳቸው የሠሩለትን ወጥ እኔ ጨው አነሰው እላለሁ። እሱ መሐላችን ተቀምጦ ዝም ብሎ ይበላል። ሰው ሲቀርበው መሸሹ በአንድ ቀን አልተወውም። ሁለታችን ስንጣበቅበት ወደ ሱቁ ይሸሻል፤ እኔና አማቴም እርስ በርስ ተኮራርፈን መምጫውን አንድ መስኮት ላይ ሆነን እንጠብቃለን። አንድ ቀን እንደዚያ ቆመን ሳለ አማቴ ወደኔ ሳይዞሩ «አብሽሪ፤ ይመጣል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሸሚዙን ተዉልኝ።

ከተጋባን ዓመት አለፍ ብሎ፣ በሥራ ቀን፣ የቢሮዬ በር ተንኳኳና ቀና ስል እሱ ቆሟል። ከወሎ ሰፈር ጉርድ ሾላ ድረስ መጥቶ አያውቅም። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፣ እጁ ላይ የመኪና ግራሶ አለ። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ከአክስቴ ባል ጋር ተጣላሁ» አለኝ። «ከሱቁ ወጣሁ። አልመለስም።»

«ምን ሆናችሁ?»

«እነግርሻለሁ። ቤት አልሄድኩም፤ መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሥራ ያጣ ሰው ነው፣ የቤት ኪራይ አለብን። ማጽናናት ነበረብኝ።

«ለማንም አልነገርክም?» አልኩት።

«ለማንም።»

«ለእማስ?»

«ላንቺ ነው አልኩሽ እኮ።»

ፊቴ ላይ የመጣውን ደስታ እንዳያይብኝ ዞር አልኩና ውሃ ላምጣልህ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ብርጭቆውን ሞልቼ ስመለስ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሃውን ጠጣና ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረኝ ጀመር።